የኋላው ስፒከር ጉዳይ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬን ካለህበት ድረስ እየላክሁ በቀጥታ ወደ ሥራ ክንውን ሪፖርቴ እገባለሁ። ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ።

መኪናህን እንድሸጥልህ ባዘዝከኝ መሠረት ገዢ አግኝቻለሁ። የጥርስ ሐኪም ነው። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ (ጎማ ሲመታ ምን እንደሚታወቅ ያስረዳኝ ወንድ እስከ ዛሬ የለም)፤ ከዚያ ቴፑን ከፍቶ ጆሮውን ወደ ኋላ ቀሰረ።

«ከኋላ ድምፅ የለም» አለ።

«ከኋላስ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አለ?» አልኩት።

«ቢሆንም» አለኝ።

ይህንኑ ስጽፍልህ በሦስት ቃል መለስክልኝ፦ «ምርጥ ስፒከር አስገቢለት።» ይህን ስትጽፍ ምንም ትዝ አላለህም? ረስተኸዋል ማለት ነው። ሰው የሠራውን ግፍ ሲረሳ እንቅልፉ እንዴት ይጥመው ይሆን!

የጥርስ ሐኪሙን ግን ዋሽቼዋለሁ። ከኋላ ሰው ይቀመጣል፤ አባባ ይቀመጣሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሆነው ከሹፌር ኋላ የተቀመጡ ሰው፣ ከሥራ ጡረታ ቢወጡም ከኋላ ወንበር ጡረታ አልወጡም። ያቺን ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ገዝተህ የመጣህ ዕለት የፊቱን ወንበር አስተኝተው እንደ ሱሪ ታጥፈው ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ነክቶ፣ ባርኔጣቸው ጣሪያውን ታክኮ፣ «እንሂድ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ ታጥፈው ከአንተ ጋር ይዞሩ ነበር። የበኩር ልጃቸው ይነዳል፣ ሬዲዮው ዜና ያነባል፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ዜና አንባቢውን ያርማሉ። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

አንድ ቅዳሜ ሬዲዮው ከኋላ መሰማት አቆመ። «ምን አለ?» ብለው ጠየቁህ። «ጆሮዎ ነው አባባ» አልካቸው። ማታ እራት ላይ ለእኛም መመሪያ አወረድክ፦ «ጆሯቸው እየደከመ ስለሆነ ጮክ በሉላቸው።»

እኛም ጮኽን። በቤታችን «ጨው አቀብሉኝ» ማለት የአዋጅ ያህል ሆነ፤ ጎረቤት ምን እንደበላን ከእኛ እኩል ያውቅ ነበር። አባባም ሰው ሁሉ የሚጮህባቸው ስለደነቆሩ መሰላቸው። ደግሞስ ምን ይምሰላቸው? እኔም ጮኼባቸዋለሁ፤ ይህን እንደ ንስሐ ያዝልኝ።

ከዚያ የጡረተኞች ማኅበር ሊቀመንበርነታቸውን ለቀቁ። «የማይሰማ ሰው ስብሰባ አይመራም» ብለው በገዛ እጃቸው ጽፈው አስገቡ። ለአባባ ስብሰባ ማለት ለዓሣ ውኃ እንደ ማለት መሆኑን ታውቃለህ። የተተኩት ሰውዬ አጀንዳ ሳያነቡ ሻይ ይጠጣሉ፤ ካነበቡ በኋላ ያንቀላፋሉ። አባባ ይህን ሲሰሙ እንኳን አልተናደዱም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው «እርጅናን ምን ሐኪም ያድነዋል?» ብለው መስኮት ዳር ተቀመጡ።

አንተም ወደ ውጭ አገር ሄድክ። ሐሙስ ነገርከን፣ ዓርብ ተሳፈርክ። ሥራው፣ ወረቀቱ፣ የምታርፍበት ቤት ሁሉ አልቆ ነበር። «ስምንት ወር ፈጀብኝ» አልክ፣ ተራራ እንደ ናደ ሰው። ስምንት ወር ሙሉ የትና ከማን ጋር ስትጨርስ እንደከረምክ ግን ማናችንም አልጠየቅንህም።

ወደ ስፒከሩ ልመለስ። መኪናዋን የወሰድኳት ሰፈሩ «ፊውዝ» ብሎ ወደሚጠራው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው። የኋላውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ፈትቶ ጭንቅላቱን ከተተ።

«እህቴ፣ ይሄን ማነው የነካካው?»

«ምኑን?»

«ስፒከሩ ደህና ነው። ሽቦው ነው የተቆረጠው። በግራም በቀኝም።»

«ተበጥሶ ይሆናላ።»

«አንቺ ጨርቅ ሲቀደድና በመቀስ ሲቆረጥ አይለይሽም?»

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እንዴት አይለየኝም።

«ደግሞ እኮ» አለ ፊውዝ፣ «ድምፁን ከፊት ብቻ ለማድረግ ቴፑ ላይ ቁልፍ አለው። በአንድ ጣት ያልቃል። ይሄ ሰውዬ ግን ማንም እንዳይመልሰው ፈልጓል። ምን ዓይነት ጠላት ነው ያላችሁ?»

የሽቦውን ጫፍ አሳየኝ። በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ የናስትሮው መጨረሻ ደግሞ በጥፍር ለመላጥ እንዲመች ወደ ውስጥ ታጥፏል። የቤታችን ሪሞት እንደዚያ ነው የታሸገው። የካውያዬ ገመድም እንደዚያ ነው። በቤታችን ናስትሮ አጥፎ የሚለጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እናታችን ነፍሷን ይማረውና «ልጄ ለነገም ያስባል» እያለች ታመሰግነው ነበር።

እዚያው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ስልክህ ስትነዳ የሚናገረው በቴፑ በኩል ነበር፤ የቀጣሪዎችህ ድምፅ በአራቱም ስፒከር ይወጣል። ከኋላ ደግሞ አባባ አሉ። የቅዳሜውን ሽርሽር ብታስቀር ይጠረጥራሉ። ከፊት ድምፁን ዝቅ አድርገህ «እሺ፣ ገባኝ፣ እሺ» ስትል፣ የቀረውን የጭስ ማውጫዋ ጩኸት ሸፈነልህ። አባትህን ከመንገር ይልቅ አባትህን ማደንቆር ቀለለህ።

«ሽቦውን ብቻ ልቀጥለው ወይስ አዲስ ስፒከር ላስገባ?» አለ ፊውዝ።

«ሁለቱንም። ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው።»

አዲሶቹ ከቀዳዳው ሰፉ፤ ፕላስቲኩን ሲሞርድ ግማሽ ቀን ዋለ። ጨርሶ ሲከፍተው ጥርሴ ተንቀጠቀጠ። ለጥርስ ሐኪም አይደል፣ ይሁን አልኩ።

ወደ ቤት እየነዳሁ ሳለ ነው የነገሩ መራራነት የገባኝ። ለአባባ ጆሯቸውን ብመልስላቸው ልጃቸውን ልወስድባቸው ነው። ልጃቸውን ብተውላቸው ደግሞ ደንቆሮ ነኝ እንዳሉ ይሞታሉ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብዬ አልጠይቅህም፤ ያደረግከውን አይቻለሁ።

ሁለቱንም ላተርፍላቸው ብዬ ውሸት አዘጋጀሁ። በማግስቱ ከኋላ አጥፌ አስገባኋቸውና ዜናውን ከፈትኩት።

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሰማኛል» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ቆየት ብለው ደግሞ «ቀንሺው እንጂ! ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ። እንደዚያ ሲቆጡ ካየኋቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። መንገድ ዳር አቁሜ አለቀስኩ።

«ምን ሆኖ ነበር?» አሉኝ።

«አይጥ ነው አባባ። ሽቦውን በልቶት ነው።»

«አይጥ።»

«ትልቅ አይጥ።»

«በግራም በቀኝም በላ?»

«በግራም በቀኝም።»

የዘነጋሁት አንድ ነገር ነበር። መካኒክ የለወጠውን አሮጌ ዕቃ ካላስረከበ ሌባ ይባላል። ፊውዝም አሮጌዎቹን ስፒከሮች ከነቁራጭ ሽቦዎቻቸው በፌስታል አድርጎ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጦልኝ ኖሯል። አባባ ከእግራቸው ሥር የሚንኮሻኮሸውን አወጡ። በመስታወቱ አያቸዋለሁ። የታጠፈችውን የናስትሮ ጫፍ በጥፍራቸው ይዘው ላጧት።

«አይጡ ናስትሮ ይለጥፋል?» አሉ።

ዜናው አልቆ የአየር ሁኔታ መጣ፤ እሱም አለቀ።

«ልከለክለው መስሎት ነው?» አሉ በመጨረሻ፣ ለእኔ ሳይሆን ፊት ለፊታቸው ላለው ወንበር። «ቢነግረኝ እኮ ሻንጣውን እኔ ነበርኩ የማስርለት።»

የጥርስ ሐኪሙ መኪናዋን ትናንት ወሰዳት። በድምፁ በጣም ረክቷል። እኔም አባባን «እንግዲህ ወደ ማኅበሩ ይመለሱ፣ ሊቀመንበሩ ተኝተው ይጠብቁዎታል» አልኳቸው። አልሳቁም።

«ሄጄ ምን ልበል? ‹ጆሮዬ ዳነ› ስል ‹በምን ዳነ?› ይሉኛል። ልጄ ነው ያደነቆረኝ ልበል?» አሉኝ። «ተይው። እንደደነቆርኩ ልቆይ።»

ስለዚህ ለማኅበሩ፣ ለጎረቤቱ፣ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አባትህ አሁንም አይሰሙም። የሚሰሙት እቤት ውስጥ ብቻ፣ በሩ ሲዘጋ ነው። የአንተን ስም ንጹሕ አድርገው የሚያቆዩበት ሌላ መላ አጡ። «እንዳትጽፊለት» ብለውኝም ነበር፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ትእዛዛቸውን ስጥስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ ስትደውል ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ። «አባባን አገናኚኝ» ትለኛለህ። «አይሰሙም» እልሃለሁ፤ እንዲህ በይው ብለው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። አጠገቤ ተቀምጠው፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አስደርገው፣ የምትናገረውን ሁሉ አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ይሰሙሃል።

የምትለውን አስበህበት ደውል።

ታናሽ እህትህ