የይታየሽ መልስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠዋት የመድኃኒት ክፍሉን ፕሪንተር ጠገንኩ። ጠገንኩ ማለት... የተቀረቀረ ወረቀት አወጣሁለት። ሁሉም "እፀገነት ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!" አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ስንጠብቀው የከረምነው ካርቶን መጣ። በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ፣ አንድ ጥጉ ተጨፍልቆ። ወደ ውስጥ ይዤው ሮጥኩ። ስከፍተው ሁሉም ደህና ነው። ስዊች፣ ካሜራ፣ ማይክ፣ ድምፅ ማጉያ።

ጥበቃችን ጋሽ ደሞዝ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። "ይቺ ናት ሐኪም የምታመጣልን?"

እሷ ናት አልኳቸው፣ ስዊቿን እያሳየሁ። ድምፁንም ምስሉንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ ገመድ ታስተላልፋለች፤ ለካሜራው ሌላ ሶኬት፣ ለማይኩ ሌላ ሶኬት አያስፈልግም።

"በአንድ ገመድ ሁሉን ሥራ? እንዳንቺ በያታ!" ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው።

ጤና ጣቢያችን የማህፀን ሐኪም የለውም። ከእንግዲህ ዶክተር ወንዳወቅ ካለበት ከተማ ሆኖ ሰኞ ሰኞ እናቶቹን ያያል፣ ይጠይቃል። ይሄ ከሠራ... ከሠራ እኮ ትልቅ ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቀኑን ሙሉ ኮርኒስ ውስጥ። ፀጉሬ የሸረሪት ድር ሆኗል። ገመድ ሳብኩ፣ ጫፉን ላጥኩ፣ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድሬ ጨመቅኩ። አንዱን አሳስቼ እንደገና። ስዊቿን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ አረንጓዴ መብራቶቿ ሲበሩ "እሰይ!" ብዬ ጮኽኩ። አዋላጇ መክሊት በበሩ ብቅ ብላ "ወለድሽ እንዴ?" አለችኝ። ይቺ ልጅ!

አንድ ነገር ግን አልወደድኩም። ካሜራው ዞር በል ሲባል ይጠፋል። ስዊቿ ለሁሉም የሚበቃ ኃይል የላትም መሰለኝ። ለካሜራው ለብቻው ኃይል መስጫ ልፈልግለት... ነገ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ከዶክተር ወንዳወቅ ጋር ሞከርን። ተሳካ! ግን ተማረረ። "ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ? ገበያ መሃል ነው እንዴ ያላችሁት?" ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ግቢው ውስጥ አህያ ታናፋለች፣ ተራ ጠባቂው ያወራል... እኔ ምን ላድርግ? አህያዋን አፏን ልያዝ?

ከዚያ የማይኩን ማስተካከያ ስበረብር ጫጫታ የሚያጠፋውን አገኘሁት። እስከ መጨረሻው ወሰድኩት። ጄኔሬተሩ ጠፋ። አህያዋም ጠፋች። የሚቀረው ንግግር ብቻ። "አሁን ስቱዲዮ ሆነ! ጎበዝ ነሽ" አለኝ። ኩራቴ ጣሪያ ነካ። ለራሴ ሻይ በሳምቡሳ ጋበዝኩ።

የካሜራው ኃይል መስጫ አልተገኘም። ሰኞ ሳላዞረው እጠቀምበታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የመጀመሪያው ቀን። ላቤ ጠብ እስኪል ሮጥኩ።

የመጀመሪያዋ እናት ይታየሽ ትባላለች። ከጋዝጊብላ በኩል ነው የመጣችው። ሆዷ ገፍቷል፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ድረስ ተከናንባ፣ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። መክሊት የደም ግፊቷን ለካች። "ትንሽ ከፍ ብሏል" አለችው ዶክተሩን። እሱም "ምልክት ካላት እዚያው ትተኛ፤ ከሌላት ሄዳ በሳምንቱ ትመለስ" አለ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ። አንዲት ምጥ የያዛት መጣች፣ መክሊት ሮጠች። ካሜራው ማንም ሳይነካው ጠፋ። በራ፣ ጠፋ። ድምፁንም ይዞብኝ እንዳይሄድ ብዬ ነቀልኩት። ከስዊቿ ሥር ተንበርክኬ ገመድ ስነካካ ከላዬ ያወራሉ።

"ይታየሽ፣ ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ።"

"ራስሽን ያምሻል?... ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብሻል?"

ይህን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። እኔ ኃይል መስጫ ፍለጋ ወደ ዕቃ ክፍል ሄድኩ። ስመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ እናት ተቀምጣለች።

ከሞላ ጎደል ጥሩ ቀን ነበር። ድምፁ አንዴም አልተቆረጠም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስብሰባ። ኃላፊያችን በሁሉ ፊት አመሰገኑኝ። አጨበጨቡልኝ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት ድምፁን በዶክተሩ ጆሮ ልስማው ብዬ ጋሽ ደሞዝን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ ማዳመጫ አድርጌ ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ክፍል። "ጋሽ ደሞዝ፣ ይሰማዎታል?" ዝም። "ጋሽ ደሞዝ?" ዝም። በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ይመልሳሉ እኮ! ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው "እህ" ይላሉ። እዚህ አገር ሰው አዎ ሲል እንደሚለው። እኔስ ብሆን? እናቴስ? ያደግሁበት ደብረ ታቦርም እንደዚያው ነን። ጆሮዬ ላይ ግን ምንም የለም። ባዶ።

ለማሽኑ ትንፋሽ ንፋስ ነው። ንግግር ያልሆነውን ሁሉ አጥፋ ብዬዋለሁ፣ አጠፋ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። "ጋሽ ደሞዝ፣ ዋጠችዎት!" ልላቸው አፌን ስከፍት ክው አልኩ።

ይታየሽ።

ራስሽን ያምሻል... "እህ"። ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ... "እህ"። ሰምቻታለሁ። ሥሯ ተንበርክኬ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ!

መክሊት ጋ ሮጥኩ። ዶክተሩ የሞላውን መዝገብ አየችው። ራስ ምታት የለም። የዓይን ብዥታ የለም። ወደ ቤት። "ሐኪሙ ጠይቋት አልነበር እንዴ ብዬ እኮ..." አለች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። "ይሄ ምልክት ካለባትማ ልትንዘፈዘፍ ትችላለች። እሷም ልጁም።" ለዶክተሩ ደወልን። ነገርኩት። "እሰማለሁ አለችኝ፣ ለሌላው ዝም ስትል... የለም ማለቷ መሰለኝ። አሁኑኑ ፈልጓት" አለን።

የባሏ የመልሰው ስልክ አይሠራም። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ወጥቷል። ነገ በጎህ ይመለሳል። ነገ! አምላኬ፣ ጠብቅልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሳይነጋ ወጣን። ሾፌሩ ትእዛዙ፣ መክሊት፣ እኔ። እኔን ማንም ነይ አላለኝም። ማንም ቅሪ አላለኝም።

መኪና መሄጃው ሲያልቅ በእግር። ቁልቁል፣ ከዚያ ዳገት። ማሳው ላይ አጨዳ ነው። ያየነውን ሁሉ "የመልሰው ቤት የት ነው?" እንላለን። ከሩቅ አይቶን መልሰው ራሱ እየሮጠ መጣ። "ከትናንት ማታ ጀምሮ ትቃዣለች። ሰው አትለይም" አለን።

ገብተን ገና ስሟን ስንጠራት ተንዘፈዘፈች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መክሊት መንዘፍዘፉን የሚያስታግሰውን መርፌ ወጋቻት፣ እኔ ራሷን በጎን ይዣለሁ፣ አፌ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይላል። ለማን እንደምል እንጃ። ጎረቤቶቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ መጡ። ቃሬዛ ላይ አደረጓት። እየተቀባበሉ፣ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንኛ እየተጠራሩ፣ አንዴም ሳያሳርፉ መንገድ አደረሷት። እኔ ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ቆሞ ከኋላ ቀረሁ። አንዲት ሴት እጄን ይዛ ጎተተችኝ። "ለሷ የመጣሽ ነሽ? እግዜር ይስጥልን" አለችኝ።

ምነው ያን ምርቃት ባልሰማሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን አስገቧት። ሴት ልጅ። ትንሽዬ። ታለቅሳለች፣ ይሄ ጥሩ ነው አለች መክሊት። እናትየዋ ግን አልነቃችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። አልነቃችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ነቃች!! ውሃ ጠየቀች። መልሰው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ እኔም አብሬው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የማይኩን ጫጫታ ማጥፊያ ዜሮ አደረግሁት። ለካሜራውም ከገበያ ያገኘሁትን ኃይል መስጫ ለብቻው ሰካሁለት፤ ሲዞርም አይጠፋም። ጄኔሬተሩ ተመለሰ፣ አህያዋ ተመለሰች። ዶክተር ወንዳወቅ አንድም ቃል አልተማረረም። እያንዳንዷን "በቃልሽ ንገሪኝ" ይላል፣ ይጠብቃል።

ኃላፊያችን "የማሽን ነገር ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ" አሉኝ። መክሊትም እንደዚያው። ለምን አላረፍኩም ታዲያ?

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ይታየሽ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። ከመሄዷ በፊት ልጠይቃት ገባሁ። ብርቱካን ይዤ። ብርቱካን ምን ያደርጋል?

ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታለች። ዓይኗ ጠርቷል። "አሁን ትታዩኛላችሁ ሁላችሁም" ብላ ፈገግ አለች። በሰላሙ ቀን ሳቂታ ናት ለካ። እኔም ስንት ቀን ያጠናሁትን ዘረገፍኩላት። ይታየሽ፣ ማሽኑ ነው፣ ትንፋሽ አይሰማም፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግሁት፣ ዶክተሩ መልስሽን አልሰማም፣ ቢሰማ ኖሮ...

እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ የገረማት ነገር እንዳለ ሁሉ አየችኝ።

"እታለም፣ እኔ ለሱ መች መለስኩ? እሱን የት አውቀዋለሁ? ግድግዳ ላይ ያለ ድምፅ ነው። ላንቺ ነው የመለስኩት። አንቺ እግሬ ሥር ነበርሽ፣ ቀና ብለሽም አይተሽኛል። ሰምታኛለች፣ ትነግርልኛለች ብዬ ነው።"

አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ማለቴንም አላስታውስም።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ዛሬ ስዊቿ ሥር አልተቀመጥኩም። መብራቷ ይብራም ይጥፋም ራሷ ታውቃለች። ወንበሬን ስቤ ከእናቶቹ ጎን አደረግሁ፣ ጉልበት ለጉልበት።

ከሰሃላ የመጣች ልጅ እግር ነበረች፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ዶክተሩ "እግርሽ ያብጣል?" አላት። ወደ ግድግዳው አላየችም። ወደኔ ዞረች፣ ትንፋሿን ሳበች።

"አዎ ብላለች፣ ዶክተር" አልኩት።

"ሰምቻለሁ እኮ፣ እፀገነት።"

ይስማ። እኔም ነገርኩት።