ከበርሜሉ ሥር የተገኘው የሎሚ ፍሬ

ውድ ሃርሜ፣

አከም ጂርቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ትከሻዎስ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሌንጮ ነው፤ ከነቀምቴ አንገር ጉቲን የሚመላለሰው ሹፌር። በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። እርስዎ ግን ስልክ ሲይዙ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለው ይዘጉታል። ደብዳቤ እንደዚያ አይዘጋም። ሩክያ፣ ጎረቤታቸው አንቺ ነሽና የምታነቢላቸውም አንቺ ነሽ፤ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አንድ መስመር እንዳታልፊ። እኔን የሚያሳፍረኝ ቦታ ስትደርሺ ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው።

ፋንታሁን መጀመሪያ እርስዎ ጋ ይዞኝ የመጣ ቀን ትዝ ይልዎታል? «ሃርሜ» ብዬ ስጠራዎ ልጅዎ ሊያስተረጉም አፉን ከፈተ። እርስዎ ግን «ይህን ሁሉ ዓመት ወለጋ ኖሬ እናቴ ማለት መሆኑ ይጠፋኛል?» ብለው ዝም አሰኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እወድዎታለሁ። ይህን ነግሬዎት አላውቅም። የእኔ ምላስ ለመተረብ ፈጣን ነው፤ ለፍቅር ሲሆን ይተሳሰራል።

ከገና በኋላ ሊታከሙ እኛ ቤት ሲመጡ የሚያምዎትን ቦታ መቁጠር አልቻልንም። ዛሬ ትከሻ ነው፣ ነገ ጭን፣ ከነገ ወዲያ የእጅ ጣት። አንገር ጉቲን ያሉት ጎረቤቶችዎ ግማሾቹ «ብርድ ነው»፣ ሌሎቹ «ምች ነው» ብለው ነበር። አንድ ቀን «ነጠላው ከበደኝ» ብለው ከትከሻዎ ላይ አወረዱት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ነጠላ ምን ያህል እንደሚመዝን አውቃለሁ፤ በሆዴ ሳቅሁብዎ። ራጁም ደሙም ንጹሕ ሲሆን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጥርጣሬ ገባኝ።

ዶክተር ጨመዳ ግን አልሳቁም። ትከሻዎን፣ ክርንዎን፣ ጉልበትዎን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና «እማማ ማሬ፣ ሕመምዎ እውነተኛ ነው፤ ራጅ ላይ የማይታይ ዓይነት ነው» አሉዎት። ፋይብሮማያልጂያ ይባላል አሉ። እርስዎ አንዴ ሰምተው በትክክል ደገሙት፤ እኔ ዛሬም ወረቀት አይቼ ነው የምጽፈው። ድምፁ ከፍ እንዳለ ተበላሽቶ እንደ ቀረ ሬዲዮ፣ ነርቭዎ ትንሹን ነገር አጉልቶ ነው የሚያሰማዎ አሉን። ከዚያ ክኒን ሰጡዎት፣ በየቀኑ ቀስ ብለው እንዲራመዱ አዘዙ፣ በመጨረሻም ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ ጠየቁ። እርስዎ መሬት መሬት አዩ። «ውሃ በሽታውን አያድነውም» አሉ ዶክተሩ፤ «ግን ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ራስ ምታቱም፣ ድካሙም፣ የጡንቻው መኮማተርም ይብሳል። ክኒኑ ደግሞ አፍ ያደርቃል። በቀን ሁለት ሊትር እንሞክር።»

ያኔ ሙያዬን ላሳይ ተነሣሁ። ባለ ሁለት ሊትሩን ሃይላንድ አጠብኩና ሦስት ቦታ ላይ ቀይ ክር አሠርኩበት፤ የመጀመሪያው እስከ ረፋድ፣ ሁለተኛው እስከ ምሳ፣ ሦስተኛው እስከ አሥር ሰዓት። ውሃው የማጠራቀሚያው በርሜል ሽታ እንዳይሸትዎ ሎሚ ጨመቅሁበት። ጠዋት ሞልቼ ከአልጋዎ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ። «ቢሻን ዱጋ፣ ሃርሜ፤ ውሃውን ይጠጡ» እላለሁ ከበር ላይ። «እጠጣለሁ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል። ማታ ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ነበር። እኔም ለሱቅ ደንበኞቼ ሁሉ አወራሁ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ስንመለስ ምንም አልተሻለዎትም ነበር። እንዲያውም ራስ ምታቱ ብሶ ነበር። ዶክተሩ «ውሃውን ይጠጣሉ?» ሲሉ እኔ ቀድሜ ጠርሙሱን ከዘንቢሌ አወጣሁ፣ ከነክሩ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እግርዎን በቅቤ እያሸሁ፣ ያንን ቃል ተናገርኩ። «ክኒን ውጦ፣ በቀን ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቶ ያልተሻለው ሰው ያመመው ሌላ ነገር ነው» አልኩዎት። እግርዎን ቀስ ብለው ከእጄ ውስጥ ሳቡት። በሁለተኛው ቀን «ቤቴ ናፈቀኝ» ብለው ወደ አንገር ጉቲን ወረዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ? ቅቤው ያኔ እጄ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ በርሜሉን ላጥብ ገለበጥኩት። ከሥሩ ዝቃጭ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ የሎሚ ፍሬ፣ ያ ሲጨመቅ የሚወርደው ዘር፣ ወጣ። አንድ ሁለት ቢሆን ዝም እል ነበር። ቁጭ ብዬ ለቀምኩት፤ አርባ አንድ ነው። በርሜል ውስጥ ሎሚ የሚጨምቅ ሰው አላውቅም። ፋንታሁን አንድ ሰሞን «ውሃው ሎሚ ሎሚ ይለኛል» ሲለኝ «ምላስህ ነው» ብዬ አሳፍሬው ነበር። እዚያው መሬት ላይ፣ እርጥብ በርሜል አቅፌ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የጠርሙሱን ውሃ ለምን በርሜሉ ውስጥ እንደ መለሱት ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። እርስዎ በሰባ ሰባት ከወሎ ሲመጡ፣ በሰፈራው የመጀመሪያ ዓመት፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጣሳ ውሃ ይሰፈር እንደነበር ነግረውኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ጓሮ ደፍቶት ይገላገል ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። እርስዎ ግን ውሃ መድፋት ጡር ነው ብለው ስለሚያምኑ ሲያታልሉኝ እንኳ ሊደፉት አልቻሉም።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ጥፋቱ ከጣሳው አይደለም። አንድ ቀን፣ ሆስፒታል ከመሄዳችን በፊት፣ ቧንቧው ጋ ቆሜ ለአከራያችን ለአዴ ኢቢሴ «ድሮ ይሄ በርሜል ስምንት ቀን ያዘልቀን ነበር፣ ዘንድሮ አምስት ቀንም አልሞላ» ስል እርስዎ ከኋላዬ ጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር። «ስለ እርስዎ አልነበረም» ብዬ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር። ስለ እርስዎ ነበር። ክፉ ልሆን ብዬ አይደለም፤ ውሃው በስምንት ቀን አንዴ ብቻ ስለሚመጣ ተጨንቄ ነው። ግን ተናግሬዋለሁ፣ እርስዎም ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ እንደ ድሮው ስምንት ቀን ሲያዘልቀን ቁጠባዬ መስሎኝ በራሴ ኮራሁ። ኤዲያ! የተቆጠበው እርስዎ ያልጠጡት ውሃ ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን እንኳ እርስዎ አፍ አውጥተው አይሉትም፣ እኔ ልበለው። ሽንት ቤታችን ከግቢው ታች ነው፤ ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ትናንት ወርጄ ቆጠርኩት። ወርደው፣ በዚያ ጉልበት ቁጢጥ ብለው፣ ደግሞ መውጣት። አንድ ቀን ከላይኛው ደረጃ ላይ ግድግዳውን ይዘው ቆመው አይቼዎት «አየር እየተቀበሉ ነው?» ብዬ አልፌያለሁ። የሚጠጣ ሰው ይወርዳል፤ የሚወርድ ሰው ያመዋል፤ ስለዚህ አለመጠጣት ይሻላል ብለው ወሰኑ። ሁለት ሊትር ውሃ ሳስታቅፍዎ የሚወርዱበትን መንገድ አላሰብኩም። ለሰው ልብስ ስሰፋ ኪሱን የምረሳ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ግን ረሳሁ።

ሰኞ ዕለት ብቻዬን ዶክተር ጨመዳ ጋ ሄድኩ። የሎሚውን ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። ታሪኩን እስክጨርስ ሰሙኝና «ስለዚህ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ስናክም የከረምነው በርሜሉን ነው» አሉ። ሳቅን። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና «ድርቤ፣ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። አልሠራም ያልነው ነገር ገና አልተሞከረም ማለት ነው» አሉኝ። ሁሉም ሰው በውሃ አንድ ዓይነት አይሻለውም፣ ቃል አልገባም አሉ። ግን አንገር ጉቲን አሁን የሙቀቱ ወር ነው፤ እዚያ ሳይጠጡ መክረም ሕመሙን ያብሰዋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ቶሎ ይምጡ አሉ። ቀጠሮዎ የፊታችን ረቡዕ ነው። የምፈራው ይህን ነው፣ ሃርሜ፤ በእኔ አፍ ምክንያት እዚያ ደርቀው እንዳይቀሩብኝ።

ስለዚህ ያደረግሁትን ይስሙ። የፋንታሁንን የእንጨት ወንበር ለአናጺው ለመሸሻ ሰጠሁት፤ መሃሉን ክብ አድርጎ ቀደደው፣ በጎንና በጎን መደገፊያ መታበት። ከጓሮ በር አራት እርምጃ ላይ በቆርቆሮ ከለልነው። ከሥሩ ባልዲ አለ። ባልዲውን የምደፋው እኔ ነኝ፤ በዚህ እንዳይከራከሩኝ፣ እርስዎም የልጄን ጨርቅ ስንት ጊዜ አጥበዋል። አዴ ኢቢሴ «ይሄ የማን ዙፋን ነው?» ሲሉኝ «የአማቴ» አልኳቸው። ፋንታሁንም ሁለተኛ በርሜል ገዝቷል። የአዲሱን ክዳን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የሚከፈተው ግን እርስዎ ሲመጡ ነው።

ሌንጮ ማክሰኞ ይመለሳል፤ የፊት ወንበር ይዞልዎታል። እርስዎ መንገድ ሲሄዱ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንደማይቀምሱ ደርሼበታለሁ። መንገድ ላይ ሽንት ቤት ያለበት ምግብ ቤት ሁለት ቦታ እንዲያቆም ነግሬዋለሁ። ካላቆመ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ሱሪውን የምሰፋው እኔ ነኝ። ሩክያ፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሳታጠጪ እንዳትሸኛቸው። ሲጠጡ በዓይንሽ እዪ እንጂ ባዶ ብርጭቆ አይተሽ እንዳታምኚ፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

ሃርሜ፣ ነጠላው ሲከብድዎ ስለሳቅሁ ይቅር ይበሉኝ። ስላላመንኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ጠርሙሱ አሁንም ከነቀይ ክሩ ከአልጋዎ አጠገብ ነው። ከእንግዲህ ባዶውን አልቀበልዎትም፤ ሲጠጡ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አብሬ ነው የምጠጣው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ጥማትዎን ውጠው የመለሱትን ውሃ እኔ ጠጥቼዋለሁ፣ ልጅዎ ጠጥቶታል፣ የልጅ ልጅዎ ታጥቦበታል። ድርሻዎ እየጠበቀዎት ነው፣ ይምጡና ይጠጡ።

ልጅዎ ድርቤ
ከነቀምቴ