ስለ ሦስተኛው ጎማ ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ሹም የቀረበ ምስጋና

ሶዶ፥ ሚያዝያ 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ሹም፤

ክቡር ሆይ፥ ከሁሉ አስቀድሜ ለጉልበትዎ፥ ለወገብዎና ለጣቶችዎ መገጣጠሚያ ያልተቋረጠ ደኅንነት እመኝልዎታለሁ። ሌላው ሰው ረጅም ዕድሜና ሹመት ይመኝልዎት ይሆናል፤ እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት በድሬሰርነት ሳገለግል ሰውን ከሁሉ ቀድሞ የሚከዳው ጉልበቱ መሆኑን ስላየሁ ምኞቴን ከዚያ ጀመርኩ።

ሻንቆ ጦና እባላለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ ሁለት ነው። የሚሲዮን ሰው ነኝ፤ የመድኃኒት ሣጥን ከኋላዬ አስሬ ከቦምቤ እስከ ሁምቦ በዶቅዶቄ ስመላለስ ያረጀሁ ነኝ። አማርኛዬን የተማርኩት ከመድኃኒት ቤት ቅጾችና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ስለሆነ፥ ወላይትኛዬ ጣልቃ ገብቶ አንድ ቦታ ላይ ወንዱን ሴት አድርጌው ብገኝ ይቅርታዎ አይለየኝ። ከዚያ በቀር ያለው ሁሉ አውቄና ፈልጌ የጻፍኩት ነው።

የምጽፈው ስለ ወዳጄ ስለ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ብሩ ነው። እርስዎ የሚያውቁት በፋይል ቁጥር ስለሆነ በሰውነቱ ላስተዋውቅዎ። አባቱ ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ዳሞታ ሥር ነው። የቴሌግራፍ ሽቦ ሲጠብቅ ኖሮ በጡረታ የተሰናበተ፥ ረጅም፥ ነገሩ አጭር፥ ዘንድሮ ስድሳ ስድስት የሞላው ሰው ነው። ያገናኘን ጭቃ ነው። በዚያ ዘመን በዚህ አገር በዶቅዶቄ የምንሠራ ሁለት ብቻ ነበርንና አንዱ በተቀረቀረ ቁጥር ጎትቶ የሚያወጣው ያው ሌላው ነበር። እሱ ለመልአኩ ሲሳል እኔ መዝሙሬን አንጎራጉራለሁ፤ ሞተሩ አልነሣ ሲል ግን ሁለታችንም የምንጸልየው አንድ ጸሎት ነበር።

ጡረታ ስንወጣ አሮጌዎቹ ዶቅዶቄዎች ለእኛው ቀሩልን፤ ቅዳሜም የእኛ ቀን ሆነች። ጠዋት ወደ ሁምቦ እንወርዳለን፥ ከአንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን የተቀቀለ ቦዬ እንበላለን፥ ፀሐይዋ ሳትበረታ እንመለሳለን። ሥራ የለንም፥ ጉዳይ የለንም። ሰዎች «እነዚህ ሽማግሌዎች ምን ፍለጋ ነው የሚሄዱት?» ይላሉ። ነፋስ ፍለጋ ነው፥ ክቡር ሆይ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ነገር ግን አካላችን እንደ ልባችን አልሆነም። የእኔ ቀኝ ጉልበት አልታጠፍ አለ፤ ጣቶቼም በጠዋት ብርድ ፍሪሲዮን አልጨብጥ አሉ። ወዳጄ ደግሞ ቀኝ ዳሌው ስለተያዘ ከመንዳት ይልቅ መራመድ ይከብደው ጀመር፤ ኮርቻው ላይ ሲሆን ጤነኛ ነው፥ ሲቆም ግን ያ እግሩ ክብደት አይችልም። ስለዚህ ብረት ሠራተኛው ቦሼ ዘንድ ሄድን። ቦሼ የእኔን ማርሽ መለወጫ ከእግር ወደ እጅ አዛወረልኝ፥ የፍሪሲዮኑን እጀታ አስረዘመልኝ። ለሀብተጊዮርጊስ ከአሮጌ የእጅ ጋሪ አንድ ጎማ አምጥቶ በዶቅዶቄው ቀኝ ጎን በብረት ክንድ አሠረለት። እኛም ለራሳችን ሕግ አወጣን፦ ዝናብ በጣለ ማግስት አንወጣም፤ ከሶምሶማ በቅሎ አንፈጥንም፤ በየግማሽ ሰዓቱ ወርደን እግራችንን እናፍታታለን፤ ስናቆም ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው፥ ረግጦ የሚያስነሣ ጉልበት ስለሌለን ሞተሩን ቁልቁለቱ እንዲያስነሣልን። በዚህ ሕግ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተጓዝን። አንድም ቀን አልወደቅንም፤ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨንም።

ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፥ ባለፈው ጥቅምት በገበያው ግድግዳ ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «ማንኛውም ተሽከርካሪ በሊብሬው ላይ በተጻፈው ቅርጽ ብቻ መገኘት አለበት» ይላል። የሶዶ ሴቶች በዝናብ ወራት ውኃ የሚሻገሩበት ድልድይ ሲጠይቁ ስንት ዓመታቸው፤ እርስዎ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሁለት ሽማግሌዎችን ጎማ መቁጠርዎ ሥራ የት እንደሚጀመር የሚያውቁ ሰው መሆንዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፥ ጥቅምት 21 ቀን ተሽከርካሪያችንን ይዘን ስንቀርብ ከመሥሪያ ቤቱ ሜዳ ድረስ በእግርዎ ወጥተው በራስዎ ዓይን ስለመረመሩን አመሰግናለሁ። ጃንጥላዎን ይዘው የወዳጄን ዶቅዶቄ ሁለት ጊዜ ዞሩት። በጃንጥላዎም ጫፍ ጎማውን ነክተው «ይህ ሦስተኛው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሀብተጊዮርጊስ ባርኔጣውን አውልቆ «እግሬ ነው፥ ጌታዬ» አለ።

ሳቁ። ጸሐፊዎ እርስዎ ስለሳቁ ሳቀ፤ ዘበኛውም ጸሐፊው ስለሳቀ ሳቀ። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። ሲቆም እንደሚወድቅ፥ ጎማው ደግፎ እንደሚይዘው፥ ማንንም እንደማያስቸግር በሽቦ እንደሚላክ መልእክት በአጭሩ አስረዳዎት። እርስዎም «በሁለት ጎማ መቆም ያቃተው ሰው ቤቱ ይቀመጥ። በሰባት ቀን ውስጥ ይነቀል፤ አለዚያ ከመንገድ ይወጣል» አሉ። የእኔን ማርሽም ወደ እግር እንድመልስ አዘዙኝ። ለዚህ ሁሉ የፈጀብዎ ጊዜ አንድ ቁስል አጥቤ ከምጠቀልልበት ያነሰ ነበር፤ ቅልጥፍናዎን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፥ በማግስቱ ላቀረብኩት ማመልከቻ ጸሐፊዎ ስለሰጠኝ መልስ አመሰግናለሁ። ጎማውን ለክታችሁ በሊብሬው ላይ ጻፉልን ብዬ ነበር። ጸሐፊው ቅጹን አውጥቶ በጣቱ እያሳየ «አባቴ፥ ይኸው ይመልከቱ። ሁለት የሚል አለ፥ አራት የሚል አለ። ሦስት የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። ከልቡ አዘነልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሰው ልጅ ስንት እግር ይዞ ማርጀት እንደሚገባው የሚወስነው ማተሚያ ቤት መሆኑን ተረድቻለሁ።

አራተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

እኔ ትእዛዝዎን አልፈጸምኩም። ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ማርሼ ዛሬም በእጄ ነው። ሀብተጊዮርጊስ ግን ዕድሜውን በሙሉ የመንግሥት ቃል በሽቦ ሲያሳልፍ የኖረ ሰው ነውና ቃሉ ለራሱ በደረሰ ጊዜ እንዴት እምቢ ይበል? በሰባተኛው ቀን ቦሼን ጠርቶ ጎማውን አስነቀለ። ቦሼ «ጋሼ፥ ይህን ባልነቅለው እመርጣለሁ» እያለ ነበር ብሎኑን የፈታው። ባለቤቱ ወይዘሮ ሳህሊቱም ለመነችው፤ «ሀብቴ፥ ዶቅዶቄው ይቅር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስ እያልን ቤተ ክርስቲያን ደርሰን እንመለሳለን» አለችው። «እግሬ ቢሆንልኝማ ዶቅዶቄ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መለሰላት።

ኅዳር 10 ቀን፥ ቅዳሜ ጠዋት፥ ደጁ ላይ ቆሜ ጡሩምባዬን ሁለት ጊዜ ያሰማሁት እኔ ነኝ። ይህን በእርስዎ ላይ አልጭንም። ድሬሰር ነኝ፤ ያን ዳሌ አውቀዋለሁ። «ዛሬ ይቅርብን» ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ለብሶ፥ ተላጭቶ፥ ቆቡን ደፍቶ ሲጠብቀኝ ባየሁ ጊዜ አፌ አልታዘዘልኝም። «ቁልቁለቱን እኔ ከፊት እሆናለሁ፤ አንተ ዱካዬን ተከተል» አልኩት፤ ወረድን።

ሲሄድ አልወደቀም፥ ክቡር ሆይ። ይህን በፋይሉ ላይ እንዲያሰፍሩልኝ እጠይቃለሁ። ኩርባውን ሁሉ እንደ ወጣት አለፈው፤ ወደ ኋላ ዞሬ ሳየው ጥርሱ ይታይ ነበር። የወደቀው ቆሞ ነው። ከሁምቦ ወደ ሶዶ ገበያ በቆሎ የጫኑ አህዮች የሚነዱ ሴቶች ጠባቡ መንገድ ላይ አገኙን። እኔ ቆምኩ። እሱም እንደ ጨዋ ሰው መንገድ ሊለቅላቸው ቆመ፤ ያንን እግሩን መሬት ላይ አሳረፈ፤ እግሩ አልያዘውም። ዶቅዶቄውን እንዳቀፈ በቀኝ ጎኑ ቀስ ብሎ ሲጋደም አየሁት። አቧራ እንኳ ብዙ አልተነሣም። ከሴቶቹ አንዷ በወላይትኛ «አባባ ደከማቸው» አለች፤ የተኛ መስሏት።

አህያዋን ትታ ብረቱን ከላዩ አብራኝ ያነሣችው እሷ ናት። ዳሌውን ስነካው በጣቶቼ ሥር የተሰማኝን ነገር በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ የተሰበረ አጥንት ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ቆርጬ እግሩን እያሰርኩ ሳለ ያ ዝምተኛ ሰው እጄን ያዘና «ሻንቆ፥ ሊብሬው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ቢጠይቁህ አሳያቸው፤ ሁለት ጎማ ይላል። ሕጋዊ ነኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አላለቀሰም። የሁምቦ ሰዎች ቃሬዛ ሠርተው እየተፈራረቁ ተሸከሙት፤ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና አግኝተን ሐኪም ቤት አደረስነው።

እንግዲህ ለዚህ ምን ብዬ ላመስግን? ምስጋናው የሚገባው ከዚያ በኋላ ለመጣው ደብዳቤዎ ነው። ኅዳር 26 ቀን ማኅተም ያለበት ወረቀት ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ደረሰው። ሳህሊቱ ማንበብ ስለማትችል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። «ተሽከርካሪዎ ወደ ሕጋዊ ቅርጹ መመለሱ ስለተረጋገጠ ጉዳይዎ በመልካም ሁኔታ ተፈጽሞ ፋይሉ የተዘጋ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን» ይላል። ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ሳህሊቱን «በደንብ አስቀምጪው፤ ከመሥሪያ ቤት ደስ ብሏቸው ሲጽፉልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» አላት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይኸው አምስት ወር ሆነው። ሐኪሙ በክራንች እስከ ደጅ ሊደርስ ይችል ይሆናል ብሏል፤ እስከ ደጅ ግን ገና አልደረሰም። እኔም ዶቅዶቄዬን ልጥለው አስቤ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ቤቴ ዋልኩ። በሦስተኛው ልጠይቀው ብሄድ ተቆጣኝ፤ «አንተ ምን ሆነህ ነው የምትቀመጠው? ሂድና መንገዱን ንገረኝ እንጂ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን እወርዳለሁ፤ ስመለስ ሳልቀመጥ የቱ ምሰሶ እንዳጋደለ፥ የት ጋ ሽቦው እንደረገበ፥ መንገዱን ጎርፍ የት እንደቆረጠው እነግረዋለሁ። ሁምቦ ያሉት «የሽቦው ሰውዬ የት ቀረ?» ይሉኛል። «ይመጣል» እላቸዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ መዋሸት ጀመርኩ ማለት ነው፤ ይህንንም በእርስዎ ላይ አልጭነውም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። መጀመሪያ፥ በእግዚአብሔር ስም፥ አንድ ቀን ቤቱ ይምጡ። ወንበር አለ። አልጋው አጠገብ ይቀመጡና ያደረጉት ትክክል እንደነበር በራስዎ አፍ ይንገሩት። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታ የሚጻፍበት ቦታ በቅጹ ላይ እንደሌለ አውቃለሁ። የሚያውቁት ፋይል ፊት እንዳለው እንዲያዩ ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ እኔን ለመያዝ ከፈለጉ ሰው አያድክሙ፤ ቅዳሜ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤትዎ በር ፊት ለፊት፥ ማርሼን በእጄ ይዤ፥ ከሶምሶማ በቅሎ ሳልፈጥን አልፋለሁ። ላመልጥዎት አልችልም።

ሰውን ከጎማ፥ ሕግን ከሰው ለመጠበቅ ለሚደክሙት ለክቡርነትዎ ያለኝን ልክ የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፥ ወገብዎ ቀጥ ብሎ፥ ጉልበትዎ ታጥፎና ተዘርግቶ፥ ሳይወድቁ እንዲያረጁ የምመኝልዎ ታዛዥ ያልሆንኩ አገልጋይዎ፥

ሻንቆ ጦና
የቀድሞ ድሬሰር

የተረሳ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላደርስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር። ለካ ከጥር ወዲህ ቢሮዎ ወደ ፎቅ ወጥቷል። ደረጃውን ከታች ሆኜ ቆጠርኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። ዘጠኙን ወጣሁና ጉልበቴ ስለከለከለኝ እየተንፏቀቅኩ ወረድኩ። ዘበኛው ቢያዝንልኝ ወጥቶ ነገረዎት፤ «ሹሙ ለባለጉዳይ አይወርዱም» የሚል መልስ ይዞልኝ መጣ። ስለዚህ ደብዳቤውን ማስታወቂያዎን ባስለጠፉበት የገበያ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሲመቸዎት ወርደው ያንብቡት፤ ያላነበበው የቀረ እርስዎ ብቻ ነዎት።