እማን አፉ አስብሉልኝ

ሐይቅ
ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተማሪዬ እናት፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አፊያሽ እንዴት ነው? ወገቧን ያማታል ብላ እህትሽ ስህን ነግራኝ ነበር፤ አላህ ያሽርሽ። ጂዳን ጎርፍ መታት ሲሉ ሰምተን፣ አንቺ ያለሽበት ሰፈር ይሁን አይሁን ሳናውቅ ስንጨነቅ ሰንብተናል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጦርነቱ ቆሟል ይባላል፤ የቆመም ይመስላል። ገበያው እንደ ድሮው መሙላት ጀምሯል፣ አጥማጆቹም ወደ ሐይቁ ተመልሰዋል። ስህንም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ አንዳንዴ ይይዛታል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ኡሙሀኒ ናት። ለእረፍት መጥታ ስትመለስ እጅሽ ላይ እንድታኖርልኝ ለምኛታለሁ። በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ስልክ ላይ አንቺ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነሽ፣ እመቤቲቱ ትጠራሻለች፤ እኔም እውነቱን ልናገር፣ ድምፅሽን ስሰማ እፈራለሁ። ስለዚህ የእረፍት ቀንሽን ጠብቀሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ኡሙሀኒም አብራሽ ትቀመጣለች።

እህቴ ልበልሽ። ስህን ያልሽውን ነግራኛለች። አሪፋ ሳታስፈቅደኝ፣ ሳትሰናበተኝ ወጥታ ሄደች ብለሽ «በዱንያም በአኼራም አፉ አልላትም» ብለሽ ምለሻል አሉ። አልፈርድብሽም። አምስተኛ ክፍል ትተሻት ሄደሽ፣ እሷ ትማርልኝ ብለሽ የሰው ቤት ስትጠርጊ ስድስት ዓመት ሞላሽ፤ እሷ ደግሞ ትምህርቷን ጥላ በባሕር ወደ አንቺ ልምጣ አለች። እኔም ብሆን እምል ነበር። ግን መሐላሽ የቆመው በእኔ ውሸት ላይ ነው። ልጅሽ ሳትሰናበትሽ አልሄደችም። የጻፍኩልሽ ይህንን ልነግርሽ ነው።

መጀመሪያ እኔ ምን እንደሆንኩ እወቂው። ወላጆች ሲያዩኝ ሐኪም የሚያህል እውቀት ያለኝ ይመስላቸዋል። በቢሮዬ በር ላይ «የምክር አገልግሎት» የሚል ተለጥፏል። ተማሪዎቹ «ጋይዳንስ» ይላሉ፤ ክፍሉንም እኔንም በአንድ ስም ነው የሚጠሩን። እኔ ግን የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ለውጡ በመጣ በዓመቱ አማካሪ ይኑራችሁ ተባለና በሳይኮሎጂ የተመረቀ ጎልማሳ ተመደበልን። ሴሚስተሩ ሳያልቅ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ደሴ ገባ። ርዕሰ መምህሩ ዙሪያውን ቃኘና እኔን መረጠ። ለምን እኔን ብዬ ብጠይቀው፣ አትቆጪም፣ ሴቶቹም ይቀርቡሻል አለኝ። ብቃቴ ይኸው ነበር። ደሴ ሄጄ ስድስት ቀን ሠለጠንኩ፤ ከስድስቱ አንዱ የመክፈቻ፣ አንዱ የመዝጊያ ቀን ነው። የምስክር ወረቀቴን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከተማው በተያዘ ጊዜ ወንበሩም ጠረጴዛውም ሲዘረፍ እሱን ማንም አልነካውም፤ ዋጋውን አውቀውት ይሆናል።

የአማካሪ ሥራ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ተማሪውን መስማት፣ የነገረንን ምሥጢር መጠበቅ፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለሚመለከተው ማድረስ። እኛ ጋ ግን ክፍሉ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቀጥሎ ስለሆነ ያረፈደውም፣ የተደባደበውም፣ ዩኒፎርም ያልለበሰውም ወደ እኔ ይላካል። ቅጽ አለኝ። ጥፋቱን እጽፋለሁ፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል የወጣ ልጅ ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ ነው የወጣው። ጆሮዬ ለቃሉ ደነዘዘ።

አሪፋ የመጣችው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ዘጠኝ ቀን ቀርታ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት የጀመርነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስለሆነ መቅረት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከጓደኞቿም ግማሾቹ አልተመለሱም። እሷ ግን ከማይቀሩት ነበረች። ከአርዲቦ በኩል በእግሯ መጥታ ከከተማው ልጆች ቀድማ የምትገባ ልጅ። ለምን ቀረሽ አልኳት። አመመኝ አለች። ውጭ ሦስት ልጆች ተራ ይጠብቁ ነበር፣ የማርመው ፈተናም ተከምሮብኛል። ቅጹን አወጣሁ፣ ፈረመች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና «ቲቸር፣ አፉ በሉኝ» አለችኝ። አፉ ብዬሻለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትቀሪ አልኳት። አልወጣችም። «እማንም አፉ አስብሉልኝ፤ እኔ ብነግራት ትቆጣኛለች» ብላ ጨመረች። መቅረቷን ሰምተሽ እንዳትቆጪ የፈራች መሰለኝ። እሺ፣ እነግርልሻለሁ አልኳት። ፊቷ ፈካ አለ፤ ተመልሳ እጄን ሳመችኝ። የዛሬ ልጆች የተዉት ጨዋነት ብዬ ደስ አለኝ።

አየሽ፣ እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አባቴ ሐጅ ሊሄድ ሲል አፉ በሉኝ እያለ ጎረቤቱን ሲዞር እጁን ይዤ አብሬው ዞሬያለሁ። አረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች በየደጁ ቆመው ይህንኑ ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ አንቺም ስትሄጂ ብለሽ ነው የሄድሽው። ከሌላ አገር የመጣ አማካሪ ቢሆን አላወቀም ይባላል። እኔ ግን የማውቀውን ቃል ቢሮ ውስጥ ስለተነገረኝ ብቻ የመንገደኛ ስንብት መሆኑ ሳይገባኝ ቀረ። ቅጹ ላይ «ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች» ብዬ ጻፍኩ።

እስከዚህ ያለው ስንፍና ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ስህን እያለከለከች መጣች። ልጅቷ ቤት አልገባችም፣ ለእርስዎ የነገረችዎት ነገር አለ ወይ አለችኝ። ያኔውኑ ገባኝ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ተማሪዎቹን ስለ ሕገወጥ ስደት መክሬ ጨርሻለሁ፣ የሚያሰጋ ተማሪ የለም ብዬ ለወረዳው ሪፖርት ልኬ ነበር። ከእኔው ክፍል ተሰናብታ ሄደች ብል የሚሉኝ ታየኝ። ምንም አልነገረችኝም አልኩ። ስህን አምናኝ ሄደች። ተጣልታ ዘመድ ጋ ገብታ ይሆናል ብለው ደሴ ሰው ላኩ። እነ አሪፋ ግን ባቲ ነበሩ። አብሯት የሄደው ሙንተሲር እንደነገረኝ ደላላው ሰው እስኪሞላለት አራት ቀን እዚያ አስቀምጧቸዋል። አፉ በሉኝ ብላኛለች ብል ኖሮ ስህን መንገዱን ታውቀው ነበር፤ ከዚህ በእግሩ የሚሄድ ሁሉ በባቲ ነው የሚያልፈው። ባቲ ደግሞ ጠዋት በመኪና የወጣ ሰው ከዙህር ሶላት በፊት የሚደርስበት አገር ነው። ይህንን ቀን በቀን አስበዋለሁ፤ ሳስተምር እንኳ መሀል ላይ ይመጣብኛል።

ጥቅምት ላይ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥታ የወረዳውን መምህራን አሠለጠነች። በትክክል የተማረች ልጅ ናት። ተማሪ ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊወጣ ሲል ነው፣ በሩ ላይ የሚላችሁን ስሙ አለች። ሁሉም ማስታወሻ ያዘ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። በማግሥቱ ወደ ክፍሌ መልሱኝ ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። ሰው የለም ይሉኛል።

ሙንተሲር ከጅቡቲ የተመለሰው ባለፈው ወር ነው። ቤቱ ሳይገባ እኔ ጋ መጣ። አሪፋ መንገዱን ሁሉ፣ ቲቸር ለእማ ይነግሩልኛል፣ እሺ ብለውኛል እያለች ራሷን ታጽናና ነበር አለኝ። በእኔ ተማምና ነው የሄደችው። የቀረውን እሱ የነገረኝን ለስህንና ለወንድምሽ ለእንድሪስ ነገርኳቸው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ለእናቷ ማን ይንገራት ሲባባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አማካሪዋ አንቺ አይደለሽ ወይ አሉኝ። አልችልም ማለት አልቻልኩም።

ቅጹን ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። እኔ የሞላሁትን ተይው። ከታች ስሟን የጻፈችው ራሷ ናት።

ለራሴ አፉ በይኝ አልልሽም፤ ዛሬ የእኔ ተራ አይደለም። ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰዉ እንዳይበተን ተነገረ። ኢማሙ ፊታቸው አስከሬን ሳይኖር የጀናዛ ሶላት ሰገዱላት። ከዚያ ስሟን ከነአባቷ ጠርተው፣ ያስቀየመችው ሰው ካለ አፉ ይበላት አሉ። ወንዶቹ ከውስጥ፣ እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ሆነን አፉ ብለናታል አልን። ስህን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለች። እኔም አልኩ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።

አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከሰው አገር በሰላም አውጥቶ ከወገንሽ ያገናኝሽ። አሚን።

የልጅሽ የባዮሎጂ መምህርት