ለአባሓጎ እንቅልፍ የተበላሸው ሊፍት

ውድ አያቴ አባሓጎ፣

ይህን በስልክ ብልክልዎ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ያነቡታል። ከዚያ አንድ ቪዲዮ፣ ከዚያ ሌላ፤ ሲነጋ ደግሞ "እርጅና እንቅልፌን ነጠቀኝ" ይላሉ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልዎ። የእጅ ጽሑፌን ያለ ፀሐይና ያለ መነጽር ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተው ያንብቡት። የጠዋት ብርሃን ለማታ እንቅልፍ ጥሩ ነው ብላለች የመረመረችዎ ሐኪም። ይኸው፣ ሁለት መስመር ሳያነቡ አንድ ተንኮል ሠራሁብዎ።

ተኮራርፈን ሻንጣዎን ይዘው አክስቴ መብራት ጋ ሳሊተ ምሕረት ከገቡ ወዲህ፣ አያት ሰፈር ያለው ቤታችን ጭር ብሏል። የማናድደው ሰው አጣሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

ሲኤምሲ መንገድ ላይ ከፊታችን የቆመውን ሚኒባስ የገጨንበት ቀን፣ ለሁሉም "ፍሬኑ እምቢ አለኝ" ብለዋል። ለትራፊኩም፣ ለአክስቴም። እኔ አጠገብዎ ነበርኩ አባሓጎ። ፍሬኑን አልረገጡትም። መጀመሪያ ሲያንኮራፉ ሰማሁ፤ እየቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ዘወር ስል ዓይንዎ ተከድኗል። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። የሚኒባሱ ረዳት እንኳ "ፋዘር፣ ሞልቷል እኮ፣ በኋላ በኩል አይግቡ" ብሎ አሾፈ። እኔ ግን ያን ቀን የምቀልደው አጣሁ። ፍርሃቴን እንዳያዩብኝ ቤት እስክንደርስ እጄን ጭኔ ስር ደብቄ ተቀመጥኩ።

መብራት በፍሬኑ ወሬ አልተሸወደችም። ቁልፉን ወስዳ፣ "ሁለት ሳምንት ቀን ቀን ሳያንቀላፋ ከዋለ እመልስለታለሁ፤ አለዚያ መኪናዋ ትሸጣለች" አለች። ያቺ ነጭ ኮሮላ፣ እሁድ እሁድ ጉልበት የከዳቸውን ጓደኞችዎን ጭነው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱባት። እርስዎ ደግሞ ወዲያው እጅ ሰጡ። "እንቅልፍ በዕድሜ ይሄዳል፤ ሐኪሟም ብላለች" አሉ።

ሐኪሟ ስትናገር እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ያለችው እንዲህ ነው፤ "በዕድሜ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ሌሊት መንቃትም ይበዛል። የሚያስፈልግዎ እንቅልፍ ግን ብዙም አይቀንስም። ከሰዓት በኋላ ቡና ይተዉ፣ ቀን ብዙ አይተኙ፣ ጠዋት ብርሃን ያግኙ፣ ይንቀሳቀሱ፣ ስልኩን ከአልጋ ያርቁ።" እርስዎ የመጀመሪያዋን ሰምተው ለመውጣት ኮፍያዎን አነሱ። እኔ ትምህርቴን ከአስረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ብሆንም ወሬ እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ።

በምክር እምቢ ሲሉ በተንኮል ገባሁ።

ሊፍቱ ላይ "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት የለጠፍኩት እርስዎ እስከ ስድስተኛ ፎቅ በእግርዎ እንዲወጡ ነበር። ሕንጻው በሙሉ ይወጣል ብዬ መች አሰብኩ። አንድ ሰው እንኳ ነክቶ አልሞከረውም። ኮሚቴው ባለሙያ ጠራ፤ ባለሙያው ወረቀቷን ነቅሎ፣ አንዴ ወጥቶ ወርዶ፣ "አሁን ይሠራል" ብሎ ተመስግኖ ሄደ። በማግስቱ መልሼ ለጠፍኩት።

ታች ካፌ ውስጥ አመሻሽ ላይ የሚጠጡት ማኪያቶም ማኪያቶ አልነበረም። አስተናጋጇ ሮሃ የእኔ ሰው ናት፤ ትኩስ ወተት ላይ ካካዎ ጣል እያደረገች ነበር የምታቀርብልዎ። "ዛሬ ገና ቡናው ጠንከር አለ" ያሏት ቀን፣ በትሪው ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች።

ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ የሚወስዱትን ረጅም እንቅልፍ ለጎረቤታችን፣ ለጡረተኛው መምህር ለጋሽ ገመዳ አሳልፌ ሰጠሁት። ለእሳቸው "አባሓጎ በዳማ የሚችለኝ የለም ይላሉ" አልኳቸው። ለእርስዎ ደግሞ "ጋሽ ገመዳ 'ተኽላይ የሚተኛው ፈርቶኝ ነው' ይላሉ" አልኩ። በነጋታው በሩ ተንኳኳ።

"ተኽላይ፣ ተነስ። ትራስ ዳማ አይጫወትም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ተማሪ የምታስፈራራበት ድምፅ እዚህ አይሠራም። ጠጠሩን ደርድር።"

ቻርጀርዎም አልጠፋም። ኩሽና፣ ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተነጫነጩ እንጂ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መጋረጃ ልከፍት ስገባ፣ አፍዎ ተከፍቶ፣ አንድ እጅዎ ከአልጋው ወርዶ ተኝተዋል። ደነገጥኩ። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። መኪናው ውስጥ የሰማሁት ያው ማንኮራፋት ነበር፤ አሁን ግን ቦታው ላይ ነው። ቀስ ብዬ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬን ለሮሃ እንዳይነግሩብኝ። ቁርስ ላይ "ምን ነካኝ፣ ዛሬስ ራበኝ" አሉ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገመዳን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፏቸው።

ያን ዕለት አመሻሽ ነው ወረቀቷ ከሊፍቱ ላይ የወደቀችው። አነሷት፣ ገለበጧት፤ ከኋላዋ ከእርስዎ ካላንደር የቀደድኩት ጥቅምት ወር ቁጭ ብሏል። "በሽበቴ ትጫወቻለሽ?" አሉኝ። ሻንጣዎን ይዘው ወረዱ። በሊፍት።

አዎ፣ ተጫወትኩ። እንቅልፍዎ እስኪመለስ ድረስም አልተውዎትም።

ትናንት መብራት ደወለች። ማኪያቶዎን ጠጥተው፣ ስልክዎን ታቅፈው አድረው፣ ምሳ ላይ ማንኪያ እንደያዙ አንቀላፍተዋል አሉ። "ገዢ አግኝቻለሁ" አለችኝ።

"አትሽጫት። ሁለቱን ሳምንት እንደ አዲስ ቁጠሪ።"

"አባዬ እምቢ ካለስ?"

"እሺ ይላሉ። እንዴት እንደሚተኙ አሁን አውቀዋል።"

"አንቺ ራስሽ መቼ ነው ስልክሽን ጥለሽ የምትተኚው?" አለች።

ለመሸነፍ አልተፈጠርኩም፤ ከትናንት ጀምሮ የእኔም ስልክ ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ ያድራል። ዛሬ ጠዋት ሳነሳው አስነጠሰኝ። መብራትም እሺ ብላ ገዢውን አቆየችው።

ስለዚህ ይምጡ። ካካዎውን እያወቁ ይጠጡት፣ ዳማውን እኔም አያለሁ፣ ማታ ሁለታችንም ስልካችንን አስረክበን እንገባለን። ሌሊት ቢነቁ አይናደዱ፤ በዕድሜዎ ያለ ነገር ነው። ብቻ ጠዋት እንነሳለን፣ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ቁልፉ የተመለሰ ቀን መጀመሪያ የምሳፈረው እኔ ነኝ። ከፊት ወንበር፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ነገ ጠዋት ሕንጻው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ሻንጣዎን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል።

የማትተውዎት የልጅ ልጅዎ፣
አርያም