አፖሎንያ ሆክል፤ ከዶንባስ የተመለሱት እናት

ወ/ሮ አፖሎንያ ሆክል ከአባታቸው ከጋሪ መንኮራኩር ሠሪው ከአቶ ቬንዴሊን ሆክልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባርባራ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1922 በምዕራብ ሩማንያ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች በሞሉባት የባናት መንደራችን ተወለዱ። በደብሩ ትምህርት ቤት በጀርመንኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ሩማንኛ ግን ገበያ ላይ ከለቀሟት ጥቂት ቃል በቀር አያውቁም ነበር።

በ1941 አቶ ዶሚኒክ ታሽን አግብተው በዓመቱ ልጃቸውን ኤርቪንን ወለዱ። ባለቤታቸው ጦር ግንባር ሄደው በዚያው ቀሩ።

በጥር 1945 ጀርመንኛ ተናጋሪ ወጣቶችን ለጉልበት ሥራ ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚያግዙ ወታደሮች መንደሩን ከበቡ። ወ/ሮ አፖሎንያ ሕፃኑን ይዘው ልጅ ባልወለዱት ሩማንያዊት ጎረቤታቸው በወ/ሮ ሳቬታ ድርቆሽ ቤት ተሸሸጉ። ወታደሮቹም "ትልቋ ካልመጣች ትንሿን እንወስዳለን" ብለው የአሥራ ሰባት ዓመት እህታቸውን ሬጊናን ከቤት ጎትተው አወጧት። ወ/ሮ አፖሎንያ ጩኸቷን ሲሰሙ ኤርቪንን ለሳቬታ አስታቅፈው፣ በዚያች በተሰባበረች ሩማንኛ "እስክመጣ ያዢልኝ" ብለው ወጡና በእህታቸው ፈንታ እጃቸውን ሰጡ።

የተወሰዱት ዩክሬን ውስጥ ወዳለው የዶንባስ የከሰል ማዕድን ነበር፤ እዚያም ከባናት አብረዋቸው የሄዱትን ብዙ ሴቶች በረዶ እየፈነቀሉ ቀበሩ። ወላጆቻቸው በተስቦ ተከታትለው መሞታቸውን የሰሙት ከተመለሱ በኋላ ነው።

የተመለሱትም በ1949 መጨረሻ ነው። ኤርቪን ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር። በጀርመንኛ "ና ልጄ፣ እናትህ ነኝ" ሲሉት ከሳቬታ ቀሚስ ኋላ ተሸጉጦ፣ በሩማንኛ "እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ምንድን ነው የምትለው?" አለ።

ሳቬታ እያለቀሱ "ውሰጂው እንጂ፣ ያንቺው ነው" አሉ።

"አንዴ ከእናቱ ተነጥቋል። ሁለተኛ አልነጥቀውም" ብለው ወ/ሮ አፖሎንያ እዚያው ጓዳ ገቡ። ሳቬታ እስኪሞቱ ድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። በኅብረት እርሻው ላም እያለቡ፣ ለልጃቸው ሲሉ ሩማንኛ ለመዱ። ልጁ ግን "ፋሺስት!" እያሉ የሚሰድቡትን ጓደኞቹን ፈርቶ ጀርመንኛ አልማርም አለ፤ እሳቸውም አላስገደዱትም።

በ1981 ሬጊና ወደ ጀርመን አገር ሄደች። ከዚያም ጀርመንኛ ተናጋሪው የመንደሩ ሰው በሙሉ እየተነሣ ተከተላት። "ነይ እንጂ፣ ማን ቀረሽ?" ስትላቸው "ዶንባስ ሆኜ የምመኘው እዚህ መግባትን ነበር" ብለው ቀሩ።

በኅዳር 2008 አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሩማንኛው ከአንደበታቸው ጠፋ። የቀረላቸው ጀርመንኛ ብቻ ሆነ። በመንደሩ የሚሰማው ሰው አልነበረም። የስድሳ ስድስት ዓመቱ ኤርቪን አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኮ ለአክስቱ ስልክ ደወለ፤ ስልኩንም ድምፁን ከፍቶ አፋቸው አጠገብ ያዘላቸው።

"አክስቴ፣ ምን እያለች ነው?"

ሬጊና ሰምታ ተረጎመችለት። "'ልጁ በላ ወይ?' ነው የምትለው።"

"በልቷል በያት" አለ ኤርቪን።

ወ/ሮ አፖሎንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2009፣ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። አንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተዋል። ሁሉን ቋንቋ የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እኛንም ያጽናን።