ያላነበብኩት መስመር

አምበር፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሂዊ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁ። ጤፉ ዘንድሮ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ሄጄ አላየሁትም። የእናትሽን አርባ ባለፈው ሳምንት አወጣን። ሰው መጣ፣ በላ፣ አጽናናኝ። እስካሁን አላለቀስኩም። ሲያበሉኝ እበላለሁ፣ ሲያወሩኝ እሰማለሁ፤ ሌላው ሁሉ ደንዝዟል።

ይህን የምጽፍልሽ በአርባዋ ዕለት በስልክ «እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ቤተ ሙከራ አልገባም» ስላልሽኝ ነው። እውነቱን ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

በነሐሴ የደወልሽውን አስታውሺ። የእናትሽ ጆሮ ስለደከመ የምትዪውን ኋላ ላነብላት እንደ ወትሮው ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሳይጽፍ ማዳመጥ አይችልም። ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ህዋሳት ስኳሩን ከደም እንዲወስዱ ሊያግዝ እንደሚችል ነገርሽኝ። ቀጥለሽም «ግን የሞከርነው ገና አይጥ ላይ ነው አባባ፤ እማዬ የስኳር መርፌዋን እንዳታቋርጥ» አልሽ። ሁለቱንም ጻፍኩ።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ማኅበርተኞቹ እኛ ቤት ነበሩ። እናትሽ «እስቲ ልጄ ያለችውን አንብብልኝ» አለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። «ልጅ መውለድ እንዲህ ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አይጥ የሚለውን አየሁ። ልጁ ቤልጅየም ድረስ ሄዳ አይጥ ትጠብቃለች እንዳይሉኝ ደብተሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ልጣጩን ቀቅላ መጠጣት ጀመረች። ያገራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ መድኃኒት ሰባት ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር አይቀላቀልም። «ሰባቱ ቀን እስኪሞላ መርፌው ይረፍ» አለች። ሰባት ቀን ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። ልጠይቅሽም አልደወልኩም፤ ምን እንደምትመልሺልኝ ደብተሬ ውስጥ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ታስመልስ ጀመር፣ ትንፋሿም ፈጠነ። ጎረቤታችን ወይዘሮ የብርጓል መኪና ለምናልን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ «መርፌውን ማን አስቆማት?» አለኝ። «ልጃችን የነገረቻት ነገር አለ» አልኩት። የብርጓል አጠገቤ ቆማ ነበር። እናትሽ በማግስቱ አረፈች፤ ያ ቃሌ ደግሞ ከለቅሶ ለቅሶ ዞሮ አንቺ ዘንድ ደረሰ።

የመርፌዋ ብልቃጥ አሁንም እንደ ማቀዝቀዣ በምንጠቀምበት ገንቦ ውስጥ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ነው። እንዳይሞቅ ጠዋት ጠዋት ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ያን ገጽ ከደብተሬ ቀድጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በዕድሜዬ መዝገብ ቀድጄ አላውቅም። ሁለተኛውን መስመር አንብቢው፤ ቃሉ ያንቺ ነው፣ ደብተሩን የዘጋው ግን የእኔ እጅ ነው። ግልባጩን አስቀርቻለሁ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ በወሩ ኪዳነ ምሕረት፣ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ሁለቱንም መስመር አነባለሁ፣ አይጡንም ጭምር።

አምላክ በሰው አገር ካንቺ አይለይ። እኔን ይቅር ማለት ቢያቅትሽ አልፈርድብሽም። ወደ አይጦችሽ ግን ተመለሺ፣ ልጄ።

አባትሽ አምሳሉ